አራት ሰዓት ላይ የወጣችው ፀሐይ

ልብስ ሰፊዋ ክር ልትገዛ ወጣ ብላ ስትመለስ ቀሚስ የምትለካባትን አሻንጉሊት ራቁቷን አገኘቻት።

መጀመሪያ አልጮኸችም። ምናልባት የሰው ክፍል ገብቼ ይሆናል ብላ ወደ ኋላ ተመልሳ በሩ ላይ የተለጠፈውን አነበበች። የራሷ በር ነው። አሻንጉሊቷም የራሷ ናት፤ ግራ ትከሻዋ በእስፒል ብዛት ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። የጠፋው ቀሚሱ ነው። ከክረምት ጀምራ በእጇ የሰፋችው፣ እጥፋቱ የወፍ ክንፍ የሚመስለው፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ለውድድር የሚቀርበው ነጭ ቀሚስ። ይህን ጊዜ ጮኸች። ምድር ቤት ሴራሚክ ሲያነጥፉ የነበሩት ሠራተኞች በእጃቸው ያለውን፣ የጓሮው በረኛም በሩን ጥለው ሽቅብ ሮጡ።

ጉዳዩ የተሰጠው ባልደረቦቹ «ጃንጥላ» ለሚሉት ኢንስፔክተር ነበር። ቅጽል ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ በጋ ከክረምት ጃንጥላው ከብብቱ አይለይም። «ሰማይ ቃሉን የሚለዋውጥ ምስክር ነው፤ እኔ አላምነውም» ይላል። ያን ዕለትም ጃንጥላውን ሸጉጦ፣ ሳጅኗን አስከትሎ ደረሰ። ሳጅኗ ወጣትና ፈጣን ናት፤ ምላሷ ደግሞ ከእግሯ ይቀድማል።

«ስትወጪ ስንት ሰዓት ነበር፣ እህቴ?» ብሎ ልብስ ሰፊዋን ጠየቃት።

«አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ክር ቤቱ እዚህ ማዕዘኑ ላይ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አልቆየሁም።»

«በሩን ቆልፈሽው ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን ነከሰች። «ገርበብ አድርጌው ነው የሄድኩት። ማን ይመጣል ብዬ?»

«ቀሚሱን የሚያውቀው ማን ነው?»

«የማያውቀው ማን ነው ብለው ይጠይቁኝ! ሕንፃው በሙሉ እየመጣ አይቶታል። ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም እንኳ በሽተኛ አስቀምጦ መጥቷል።»

«የተጣላሽውስ ሰው አለ?»

«ረዳቴ የነበረች ልጅ አለች። ባለፈው ወር ተኳርፈን ወጣች። ስትወጣ ‹ያንን ቀሚስ ተቀበሪበት› ነው ያለችኝ።»

ሳጅኗ ሳቋን በሳል አሳለፈችው።

ዋናው መግቢያ ሴራሚክ እየተነጠፈበት ስለተዘጋ፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ የሚወጣውና የሚገባው በጓሮው የብረት በር ነበር። በሩ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ በወጣትነታቸው ለከተማው ቡድን በረኛ ነበሩ፤ ዛሬም በረኛ ናቸው። ሰው «በረኛው» ሲላቸው ጎሉን ይሁን በሩን ማለቱ እንደሆነ ማንም አጣርቶ አያውቅም። ሥራቸውም ቤታቸውም ከበሩ ጎን ያለችው አንዲት ክፍል ናት።

«አይቼዋለሁ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «በውጪው ደረጃ ሰው ሲወርድ አየሁ። ነጭ ነገር ታቅፏል። ማነህ ልለው አፌን ስከፍት፣ ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ ፎቅ መስታወት ተመልሳ ዓይኔ ውስጥ ገባች። መብረቅ በላት! ዓይኔን ጠራርጌ ስገልጥ ሰውየው የለም።»

«በበሩ ወጥቷል ማለት ነዋ።»

«አልወጣም።»

«ዓይንዎ ተጨፍኖ እንዴት አወቁ?»

ሽማግሌው አካፋ የሚያክል መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። «እጄ እዚህ ነበር። ይሄ በር ሲከፈት ሲያቃስት ሰፈሩ ይሰማዋል። በእኔ በኩል ማንም አላለፈም።»

«ታዲያ በረረ?»

«እሱን እኔ እንጃ። ያየሁትን ነው የነገርኩህ።»

ጃንጥላ ቀና ብሎ አየ። ደመናው ከዳር እስከ ዳር እንደ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣም እንዲሁ ነበር። በሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጦ የፊት ለፊቱን ፎቅ አተኩሮ ቢመለከት፣ መስታወቱ አመድ መስሏል፤ ለምልክት እንኳ ብልጭታ የለውም።

«የምን ፀሐይ ነው?» እያለ ባለሕንፃው ከኋላው መጣ። ወፍራም ሹራብ ለብሷል። «ይኸው ሹራብ ለብሻለሁ እኮ፣ ኢንስፔክተር! ዛሬ መች ፀሐይ ወጣች? ሽማግሌው ወይ ተኝቷል፣ ወይ ከሌባው ጋር ተባብሯል። ዛሬውኑ ጓዙን ጠቅልሎ ይውጣልኝ።»

«እስከ ነገ ይታገሱኝ» አለው ጃንጥላ። ለራሱም ግን የሽማግሌው ነገር ውሃ የሚያነሳ አልመሰለውም። መሬት መሬት የሚያዩትን ሽማግሌ ሲያይ ደግሞ ሆዱ ባባ።

ስለ ሰማዩ ሰው ይጠይቅ ጀመር። ሲሚንቶ የሚያቦካው ሠራተኛ «ኧረ ፀሐይዋማ አናታችንን በስታን ነበር!» አለ። ጓደኛው ከት ብሎ ሳቀ። «አይስሙት ጌታዬ፣ ያላበው ሥራ ስለማይለምድ ነው።» የጥርስ ሐኪሙ «እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው አፍ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሁልጊዜ ጨለማ ነው» አለ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ መንገድ ላይ ልቧ ክሩ ላይ ስለነበር ጨረቃ ብትወጣም አታስታውስም።

«በጠየቅነው ሰው ልክ ሰማይ አገኘን» አለች ሳጅኗ።

የመጨረሻው ፎቶ አንሺው ነበር። ስቱዲዮው ምድር ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ተዘጋው መግቢያ፣ ጀርባው ወደ ጓሮው። ለስላሳ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ገና ሳይገቡ ወንበር ጠረገላቸው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በአንዲት ሴት ፎቶ ተሞልቷል፤ ሴትየዋ በየፎቶው የተለየ ቀሚስ ለብሳ ትስቃለች።

«ባለቤቴ ናት» አለ ፎቶ አንሺው ፊቱ እየበራ። «ቀሚሶቹን ራሷ ናት የምትሰፋቸው። ነገም ትወዳደራለች።»

«አራት ሰዓት ላይ የት ነበርክ፣ ወንድሜ?»

«ፏፏቴው ያለበት አደባባይ። ለቀን መቁጠሪያ የሚሆን ፎቶ ሳነሳ ነበር።» ካሜራውን አምጥቶ አሳያቸው። ፏፏቴው፣ ርግቦቹ፣ ባዶ አግዳሚ ወንበር። ከግርጌው ሰዓቱ ተጽፏል፤ አራት ሰዓት ከአሥር።

«ሲያምር!» አለች ሳጅኗ።

«ደመናው ነው ያሳመረው። ፀሐይ ካለች ጥላው ነገር ያበላሻል። በደመና ግን ብርሃኑ እኩል ይፈስሳል፤ ይኸው፣ አንድ ጥላ አታዪም። ደመናውን አይቼ ነው ካሜራዬን አንስቼ ብድግ ያልኩት።»

«ስትወጣ በረኛው አይተውሃል?»

ፎቶ አንሺው በሐዘኔታ ፈገግ አለ። «ሰላም ብያቸው ነበር። ግን እንቅልፍ ሸለብ ሳያደርጋቸው አልቀረም መሰለኝ። በዚያ ዕድሜ ምን ይደረጋል?»

ከዚያ ወደ ረዳቷ ቤት ሄዱ። በር የከፈተችላቸው ልጅ አንድ ጉንጯ ሎሚ የጎረሰች ይመስል አብጧል። አራት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ ስትባል በጣቷ ጉንጯን አሳየች። ሳጅኗ በሌላ ሰፈር ላለው የጥርስ ክሊኒክ ስትደውል፣ ልጅቷ በዚያ ሰዓት አፏን ከፍታ ወንበር ላይ እንደነበረች፣ የመንጋጋ ጥርሷም እንደተነቀለ ነገሯት። ቀሚሱ መሰረቁን ስትሰማ ልጅቷ መጀመሪያ ሳቅ ቢጤ ሞከራት፤ ቀጥሎ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አንገትጌውን… የሰፋሁት… እኔ ነኝ» አለች በደነዘዘ አፏ።

«ይቺ አይደለችም» አለ ጃንጥላ ሲወጡ። «አሁን የቀሩን ሽማግሌው ብቻ ናቸው። ፀሐይ በሌለበት ፀሐይ አየሁ ያለ ሰው ሌላውንም ዋሽቷል። ነገ ወደ ጣቢያ ማምጣታችን ነው።»

ሳጅኗ እጅጌውን ያዝ አደረገችው። «ኢንስፔክተር፣ የአጎቴ ልጅ ሚስት ቴክኒክ ኮሌጅ መምህርት ናት። ጣሪያው ላይ ቀኑን ሙሉ የፀሐይን ጨረር የሚለካ መሣሪያ አላት። ቤተሰቡ በሙሉ ‹የፀሐይ ዘበኛ› እያለ ነው የሚስቅባት። ሽማግሌውን ከማሰራችን በፊት ለምን እሷን አንጠይቃትም?»

ጃንጥላ ጃንጥላውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። «ሰማይን ምስክር ልትጠሪብኝ ነው?»

«ምን እናጣለን?»

በማግስቱ ጠዋት ጣሪያው ላይ ወጡ። መምህርቷ አጠር ያለች፣ ባርኔጣዋ ከፊቷ የሚሰፋ፣ ሳቂታ ሴት ናት። «ትናንት? ውይ፣ ትናንት ደስ የሚል ቀን ነበር!» አለች።

«ደመና አልነበረም እንዴ?» አለ ጃንጥላ።

«ለዚያ እኮ ነው! ጥርት ያለ ቀን አሰልቺ ነው። መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ አለቀ። ኑ እስቲ።»

ጣሪያው ጫፍ ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚመስሉ ሁለት ትናንሽ የመስታወት ክዳኖች ጎን ለጎን ተተክለዋል። ከአንደኛው በላይ በቀጭን ክንድ የተያዘች ጥቁር ኳስ አለች።

«ይሄኛው» አለች መምህርቷ፣ «ከፀሐይም ከሰማይም የሚመጣውን ብርሃን በሙሉ ይለካል። ያኛውን ደግሞ ኳሷ ፀሐይዋን እየተከተለች ስትጋርደው ትውላለች፤ ስለዚህ የሚለካው ከቀረው ሰማይ የሚመጣውን ብቻ ነው። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ፀሐይዋ በደመና ተሸፍናለች ማለት ነው፤ መሬት ላይ ጥላ አይኖርም። ሲራራቁ ደግሞ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ወጥታለች፤ ጥላም አለ።»

ኮምፒዩተሯን ከፍታ የትናንቱን አሳየቻቸው። ሁለት መስመሮች ከማለዳ ጀምሮ እንደ መንታ ተጣብቀው ይሄዳሉ። አራት ሰዓት አካባቢ ግን አንደኛው ድንገት ተስፈንጥሮ ሽቅብ ወጣ፤ ጥቂት እዚያው ቆይቶ ተመልሶ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ አልተለያዩም።

«ደመናው የተቀደደው አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው» አለች መምህርቷ። «የተዘጋው ደግሞ አራት ሰዓት ከሩብ ካለፈ በኋላ።»

ጃንጥላ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ይሄ ነጠብጣብ መስመር ምንድነው? ብርሃኑ ከሱ አልፎ ሄዷል።»

«ጎበዝ! እሱ ሰማዩ ፍጹም ጥርት ቢል ሊደርስ የሚችለውን ነው የሚያሳየው። ትናንት ከዚያም በለጠ። ፀሐይ በደመና ቀዳዳ ስትወጣ፣ የደመናው ዳርና ዳር ብርሃኑን እየመለሰ ይጨምርላታል። በዚያች ሰዓት ወደ መስታወት የተመለከተ ሰው ዓይኑን ይዞ ነው የሚጮኸው።»

ጃንጥላ ከስክሪኑ ቀና አለ። አካፋ የሚያክለው መዳፍ፣ መሬት መሬት የሚያየው ፊት ትዝ አለው። ጆሮው ጋለ። ግን መርማሪ ነውና ለመጨረሻ ጊዜ ተሟገተ። «መሣሪያሽ የሚያውቀው የዚህን ጣሪያ ሰማይ ብቻ አይደለም? ሌላ ቦታ ደመና ሊሆን ይችላል።»

«ልክ ነህ። ርቀቱ ከበዛ አልምልም። የትኛው ቦታ ነው?»

«ኢንስፔክተር!» ሳጅኗ የጣሪያውን ከለላ ተደግፋ ቁልቁል እያየች ነበር። «ይምጡ፣ ይዩ!»

ከእግራቸው ሥር ፏፏቴው ይንፎለፎላል። ርግቦቹ፣ አግዳሚ ወንበሩ። ከአደባባዩ ማዶ ደግሞ በረኛው ያሉት የፊት ለፊቱ ፎቅ መስታወት ይታያል።

«አራት ሰዓት ከአሥር ላይ» አለ ጃንጥላ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ቦታ አንድም ጥላ የሌለው ፎቶ ሊነሳ ይችላል?»

መምህርቷ ሳቀች። «በዚያ ሰዓት እያንዳንዷ ርግብ ጥላዋን እየጎተተች ነው የምትሄደው።»

ጃንጥላ ሰዓቱን አየ፤ አራት ሊሆን ነው። ሰማዩም ዛሬ፣ በመምህርቷ አነጋገር፣ አሰልቺ ነው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

ጓሮው ሲደርሱ ሽማግሌው ጓዛቸውን በአንድ ሻንጣ ከትተው በሩ ላይ ቆመዋል። ባለሕንፃውም በዚያው ሹራብ ቆሟል።

«አባቴ፣ ወንበርዎን አንዴ ያውሱኝ» አለ ጃንጥላ። ተቀመጠ፤ አንድ እጁን በሩ ላይ አሳረፈ። «ሳጅን፣ ነጭ ነገር ታቅፈሽ በውጪው ደረጃ ውረጂ። ከዚያ ጥፊ።»

ሳጅኗ ከልብስ ሰፊዋ አንሶላ ተውሳ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ጃንጥላ አያት። ወዲያው ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ መስታወት ተመልሳ ፊቱን በጥፊ መታችው። «እናቴ ድረሽ!» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ አረንጓዴና ቀይ ክብ ነገር ይዞርበታል፤ ሳጅኗ የለችም። እጁ ሥር ያለው በር አልተንቀሳቀሰም፤ አላቃሰተም።

«የት ሄድሽ?»

«እዚሁ ነኝ» አለ ድምጿ። የፎቶ ቤቱን የጓሮ በር ተደግፋ ቆማለች። ከደረጃው ሥር ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው።

ፎቶ አንሺው በሩን ከፍቶ ብቅ አለ፤ አንሶላውን ሲያይ ፊቱ ነጣ።

«ፎቶህ ቆንጆ ነው» አለው ጃንጥላ ዓይኑን እያሻሸ። «ግን በዚያ ሰዓት ፏፏቴው ላይ ፀሐይ ነበረች፤ አንዲት መምህርት እዚያው ጣሪያ ላይ የተከለችው መሣሪያ መዝግቧታል። አንተ የሄድከው በኋላ ነው፤ በረኛው ጩኸቱን ሰምተው ወደ ላይ ሲሮጡ። የካሜራህን ሰዓት ወደ ኋላ መለስከው፤ ደመናውን ግን መመለስ አልቻልክም። ቀሚሱን ራስህ ታወጣዋለህ ወይስ እኛ እንፈልግ?»

ፎቶ አንሺው ወደ ውስጥ ገባ። ጥጉ ላይ ከቆሙት የጀርባ ሸራዎች አንዱን፣ ባሕር የተሳለበትን፣ ወለሉ ላይ ዘረጋው። ማዕበሉ ተፈትቶ ሲያልቅ ነጩ ቀሚስ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ከደረጃው ላይ ሆና እልል አለች። ወዲያው ግን እልልታዋ ተቋረጠ። «ውይ! ጨማዶታል!»

«ለባለቤቴ ብዬ ነው» አለ ፎቶ አንሺው ሸራው ላይ እየተቀመጠ። «በየዓመቱ ሁለተኛ ትወጣለች። በየዓመቱ ቤት ገብታ ‹ምንም አይደል› ትለኛለች። ያንን ‹ምንም አይደል› ዘንድሮ ልሰማው አልቻልኩም። ውድድሩ ሲያልቅ ቀሚሱን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ አስቀምጥላታለሁ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ምንም አታውቅም።»

«አባቴ» አለ ጃንጥላ ወደ ሽማግሌው ዞሮ። «አላመንኩዎትም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «በወጣትነቴም አንድ ጊዜ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ጎል ገባብኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። የመምህርቷ መሣሪያ የዚያን ዘመኑንም ይዞታል?»

ጓሮው በሳቅ ተናጋ። ባለሕንፃው ሹራቡ ውስጥ አልቦት፣ ማንም ሳያዘው ሻንጣቸውን አንስቶ ወደ ክፍላቸው መለሰ።

ፎቶ አንሺው በፖሊስ መኪና ከተወሰደ በኋላ ባለቤቱ መጣች። ከፎቶዎቹ ትረዝማለች፤ አሁን ግን አትስቅም። በአንድ እጇ የእንፋሎት ካውያ ይዛለች። መጥታ ልብስ ሰፊዋ ፊት ቆመች።

«እኔ…» አለች። «ጨርቁ ሐር ነው አይደል? በተራ ካውያ ይቃጠላል። የእኔው ይሻለዋል ብዬ…»

ልብስ ሰፊዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ያንቺስ ቀሚስ ተዘጋጅቷል?»

«ዘርፉ ይቀረዋል። ዛሬ የምቀርብ አይመስለኝም። በምን ዓይኔ?»

«በሁለት ዓይንሽ ነዋ! ነይ ግቢ። እኔ ያንቺን ዘርፍ እይዛለሁ፤ አንቺ የኔን ተኩሺ።» ከዚያ ስልኳን አንስታ ደወለች። «አንቺ! ጥርስሽን ይዘሽም ቢሆን ነይ፤ አንገትጌሽ ተጣሟል።»

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሽማግሌው፣ መምህርቷና ጉንጯ ያበጠባት ረዳት በአንድ ረድፍ ተቀመጡ። ነጩ ቀሚስ ሲወጣ ሰው ተነስቶ አጨበጨበ፤ እጥፋቱ እንደ ክንፍ ይተነፍሳል። ከዚያ የፎቶ አንሺው ሚስት የሰፋችው ወጣ፤ የዝናብ ደመና የመሰለ ግራጫ፣ ሲዞር ከውስጡ ብርቱካንማ የሚፈነጥቅ። አዳራሹ ለአፍታ ማጨብጨብ ረሳ። ዳኞቹ አልተሟገቱም። አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። ቀድማ ተነስታ ያቀፈቻት ደግሞ ሁለተኛ የወጣችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። «በንጹሕ ነው የበለጥሽኝ» ስትላት ሁለቱም አለቀሱ።

ጃንጥላ ወሬውን ራሱ ወደ ጣቢያው ይዞት ሄደ። ፎቶ አንሺው ማቆያ ክፍል ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«ሚስትህ አሸንፋለች» አለው።

ሰውየው ቀና አለ። «ያኛው ቀሚስ ሳይቀርብ?»

«ቀርቦ። ጎን ለጎን።»

ፎቶ አንሺው ግንባሩን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «እንደምታሸንፍ ያላመንኳት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀ። «ፎቶ ያነሳት ሰው አለ?»

ሳጅኗ ስልኳን በፍርግርጉ በኩል አቀበለችው። ፎቶው ደብዝዟል፤ ግማሹን የሳጅኗ አውራ ጣት ሸፍኖታል። በቀረው ግማሽ ባለቤቱ ዋንጫ ይዛ ትስቃለች፤ ከግንባሯ በላይ ግን ተቆርጧል።

«ጭንቅላቷን ቆርጠሽዋል!» አለ ሰውየው።

«ቸኩዬ እኮ ነው!»

«ብርሃኑን ከጀርባዋ አድርገሽ፣ አውራ ጣትሽን እዚህ ገትረሽ… ኧረ በሕግ አምላክ!» ሳቁ እንባውን ቀደመው፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ መጡበት። ስልኩን ግን አልመለሰም። ጃንጥላና ሳጅኗ ተያይተው፣ ወንበር ስበው ከፍርግርጉ ማዶ ተቀመጡ፤ እስኪጠግባት ድረስ ጠበቁት።